የሟቹ ኩርፊያ

ጋሽ ናሆም ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሞቱ። ሸምጋይ ግን አልሞቱም፣ አኩርፈው ነው አለ።

ሸምጋይ የገንዘብ ዋሌታቸው ነው፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ገንዘባቸውን የሚጠብቅ፣ የሚናገር የኪስ ቦርሳ በሉት። በእኛ ሰፈር የሁሉም ሰው ዋሌት እሱ ነው። እያንዳንዱ ትዳር ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ የባል፣ አንዱ የሚስት፣ አንዱ ደግሞ ሁለቱም ያመኑት የጎረቤት። ከሦስቱ ሁለቱ ጣታቸውን ካላሳረፉ ሳንቲም ንቅንቅ አትልም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ። ጡረታ ስወጣ «ሮቤል የሰው ቤት መግባት የለመደ ነው» ተባለና የዘጠኝ ትዳር ሦስተኛ ቁልፍ ሆኜ ቀረሁ። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ማን ሽንኩርት እንዳለቀበት፣ ማን አዲስ ጫማ እንዳማረው አውቃለሁ። ባል መንገድ ከሄደ ሚስትና እኔ፣ ሚስት ከታመመች ባልና እኔ እናጸድቃለን። ባለፈው የአንዱን ጎረቤቴን ሁለተኛ ኪሎ ስኳር ከለከልኩት። ስኳር በሽታ እንዳለበት ደብረ ብርሃን በሙሉ ያውቃል። እሱ ግን እስካሁን ሰላምታዬን አይመልስም።

እኔ ወጣት ሳለሁ የክሪፕቶ፣ የዲጂታል ገንዘብ ዋሌት መያዝ ማለት አሥራ ሁለት የይለፍ ቃል ሸምድዶ መኖር ማለት ነበር። ቃሎቹ የጠፉበት ሰው ሀብቱን በዓይኑ እያየ ይራባል። የሸምጋይ ነዳፊዎች ይህን አይተው ለሕዝባችን ጠባይ የሚስማማ ዋሌት እንሥራ አሉ፤ ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ሲያጠኑን ከረሙ። በመጨረሻ የደረሱበት፣ እኛን የሚያከስረን ሌባ ሳይሆን ይሉኝታና ኩርፊያ ነው የሚል ነበር። እውነታቸውን ነው፣ አልከራከርም።

ለይሉኝታ የጊዜ መቆለፊያ አበጁለት። ለሌላ ሰው ልስጥ ያልከው ገንዘብ አርባ ቀን ሳይሞላው ከዋሌትህ አይወጣም፤ እስከዚያ ከልብህ ይሁን ከሀፍረት ይለይልሃል። ኩርፊያ ደግሞ የራሱ ሥርዓት ወጣለት። ባልና ሚስት ከተኳረፉ፣ ጎረቤት ለአንዱ ወግኖ ቤት እንዳያፈርስ ሦስተኛው ቁልፍ ይታሰራል። የዕለት ጉርስ ብቻ በእኔ ጣት ይወጣል፤ ከዚያ ያለፈው እስኪታረቁ ይጠብቃል። መታረቃቸው የሚታወቀው ሁለቱም ቃል ሲመላለሱ ነው። አንዱ ብቻውን ቢለፈልፍ እርቅ አይባልም። እኔ የማውቃቸው አንድ ባልና ሚስት ሲሚንቶ በገዙ ቁጥር ስለሚኳረፉ ቤታቸው ይኸው ስንት ዘመኑ፣ ወገቡ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ድሮ ያኮረፉ ባልና ሚስት የሚነጋገሩት በልጅ በኩል ነበር። «ያን ሰውዬ እራቱ ቀርቧል በለው»፣ «ያቺን ሴትዮ አልበላም በላት» ይባባላሉ፣ ልጁ መሐል ቆሞ ያመላልሳል። አሁን ይህን ሥራ ሸምጋይ ተረክቦታል። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሁለቱንም ይሰማል፣ ያደርሳል፤ ቃሉ ትኩስ ከመሰለው ደግሞ እስኪበርድ አሳድሮ ነው የሚያደርሰው። የጋሽ ናሆም ባለቤት እትዬ ፌቨን በዚህ ይወዱት ነበር። «ከሰው ይሻላል፣ ነገር አይጨምርበትም» ይሉ ነበር።

የዚህኛው ኩርፊያ መነሻ ብስክሌት ነው። ጋሽ ናሆም ሰባውን ካለፉ በኋላ ቀይ ብስክሌት አማራቸው። ሰኞ ጠዋት ጥያቄው እኔም ዘንድ ደረሰ። እትዬ ፌቨን እምቢ አሉ። «ወድቆ ጉልበቱን ቢሰብር የሚያገላብጠው ማን ሊሆን ነው?» እኔ ጣቴን ላሳርፍ ወይስ ልተው እያልኩ ሳመነታ ኩርፊያ ተመዘገበና ጉዳዩ ከእጄ ወጣ። እፎይ አልኩ። ጋሽ ናሆም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሶፋው ላይ ተጋደሙ። ማክሰኞም ረፋዱን እዚያው ነበሩ። እትዬ ፌቨን ገበያ ደርሰው ተመልሰው ሽሯቸውን ሠሩ። ምሳ ሲቀርብ በሸምጋይ በኩል መላኩ ሰለቻቸውና ራሳቸው ሄደው የባላቸውን ትከሻ ነቀነቁ። ከዚያ ጩኸታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ጋሽ ናሆም መቀበር የሚፈልጉት የት እንደሆነ ማንም ያውቃል። አንድ ልጃቸው ሚልካ ያረፈችበት ደብር፣ ከእሷ አጠገብ ያለችው ቦታ ናት። ልጅቷን ከቀበሩ ጀምሮ በየወሩ እየሄዱ ሣሯን የሚያጭዱት ራሳቸው ነበሩ። ቦታው ግን ይከፈልበታል፤ መቃብር ደግሞ የዕለት ጉርስ አይደለም። የደብሩ አስተዳዳሪ «ቅበሩና ኋላ ትከፍላላችሁ» ብለውን ነበር፤ የመካነ መቃብሩ በር በራሱ የሚከፈተው ክፍያ ሲገባለት ስለሆነ እሳቸውም ከእኛ ጋር በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ሬሳ ማቆያው ደግሞ እስከ ዓርብ አመሻሽ ብቻ ነው የሚያቆየው። ከዚያ ያለፈ አስከሬን ከከተማ ውጭ ወዳለው መስክ ይወሰዳል። እዚያ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ነው።

ጎረቤት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በዚያው ቀን ሰፈሩ አዋጣ። ሸምጋይ ለሰው መቃብር መክፈልም ስጦታ ነው ብሎ፣ አንድ በአንድ አመስግኖ አርባ ቀን እንዲታገሡ ነገራቸው። መዋጮው የሚደርሰው ለሟቹ አርባ ነው ማለት ነው። እድርም አለን፣ የለንም አይባልም። የእድሩ ቁልፍ ያዦች ግን አዲሱ ድንኳን ሰማያዊ ይሁን ነጭ በሚል ከተኳረፉ ቆይተዋል፤ ድንኳኑም አልተገዛ፣ እነሱም አልታረቁ።

ረቡዕ ከሸምጋይ ቢሮ ሶልያና የምትባል ወጣት ሠራተኛ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ቢሮው ኀዘን ቤት ሲልካቸው የሚያለብሳቸው የደንብ ልብስ ነው። እትዬ ፌቨን ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፣ እኔ አጠገባቸው ነኝ።

«ነፍስ ይማር እማማ» አለች። «ማረፋቸውን እኛ እናውቃለን። የማያውቀው ሸምጋይ ነው።»

«ታዲያ ንገሩታ!» አሉ እትዬ ፌቨን።

«ኩርፊያ ላይ ያለ ቤት የሞት ማረጋገጫ ሲጠይቅ የሦስቱም ቁልፍ ያዦች ጣት ያስፈልጋል።»

«ከሦስቱ አንዱ እኮ ራሳቸው ሟቹ ናቸው» አልኳት።

«ልክ ነዎት ጋሼ። ሥራ በጀመርንበት ዓመት የተጣሉትን ባላቸውን በቁሙ የሚያስሞቱ ሚስቶች በዝተውብን ነበር። ባሎችም እንደዚያው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ያለፈቃዱ አይሞትም።»

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ብዙ ቤት እንዲህ ብላለች ማለት ነው።

«ከታረቁ ግን ሁለት ጣት ይበቃል» ብላ ቀጠለች። «ለመቃብሩም፣ ለሞቱም። አሁን ያስቸገረን ኩርፊያው ብቻ ነው።»

«ታርቀናል እያልኩሽ!» እትዬ ፌቨን ተነሥተው ቆሙ። «እኔ ነኝ ሽሮዬን አውርጄ የሄድኩት። ናሆም ተነስ፣ ምሳ ቀርቧል አልኩት። መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ይህን ጻፊልኝ!»

ሶልያና ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እሳቸውስ ምን መለሱ?» አለች።

ሸምጋይ ከግድግዳው ላይ፣ በዚያ ሰው በማያስቀይም ድምፁ ገባበት። «አቶ ናሆም በዝምታ ላይ ናቸው። ሽማግሌ ይላክ?»

እትዬ ፌቨን መልሰው ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ሶልያና ስትወጣ እጄን ያዙኝ። «ሮቤል፣ አንተ የሰው ቤት ታውቃለህ። እውነት አኩርፎኝ ነው የሞተው? ስጠራው ሰምቶ ነው ወይስ ሳይሰማ?» ጋሽ ናሆም ሲሞቱ ቤቱ ውስጥ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ የማውቀው ሽንኩርታቸውን ነው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ የመቃብሩ ነገር እሳቸውን የሚያንገበግባቸው ከአሥሩ አንድ እጅ ነው፣ ዘጠኙ ይህ ጥያቄ ነው። «ሽማግሌ ይላክ» አልኩት ሸምጋይን።

ሽማግሌዎቹ እኔና ሐጂ ሙባረክ ሆንን። ሐጂ በሰፈራችን ያላስታረቁት ሰው የለም፤ ከጋሽ ናሆም ጋርም ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ ናቸው። ሐሙስ ጠዋት ከእትዬ ፌቨንና ከሶልያና ጋር ሬሳ ማቆያው ሄድን። አንድ ሠራተኛ የብረት መሳቢያውን ስቦ ጋሽ ናሆምን ገለጠልንና የፕላስቲክ ወንበሮች አመጣ። ሐጂ አልቀመጥም አሉ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ ደንብ ነው። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ስለማውቅ ብለምናቸውም አልሰሙኝም። እሳቸው ቆመው እኔ ልቀመጥ አልችልም፣ እኔ ቆሜ ደግሞ ሶልያና መቀመጥ አልቻለችም። ሠራተኛው ወንበሮቹን እያንኳኳ መልሶ ወሰዳቸው።

ሶልያና ከቢሮ ያመጣችውን የሸምጋይ መስታወት በጋሽ ናሆም ትራስጌ አስቀመጠች።

«ሽምግልናው ተጀምሯል» አለ። «አቶ ናሆም፣ ቅሬታዎን ያስረዱ።»

የማቀዝቀዣው ሞተር ያጉረመርማል። ሸምጋይ ጊዜ ሰጣቸው። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ጠበቅን፤ ምን እንደምንጠብቅ እግዜር ይወቅ።

«ናሆም ወንድሜ» አሉ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «እኔ ሙባረክ ነኝ። የመጣነው ለክፉ አይደለም። ብስክሌቱን በተመለከተ፣ ያለ እሷ ፈቃድ መጠየቅህ ልክ አልነበረም። እሷም ቢሆን በሰው ፊት እምቢ ማለቷ ልክ አይደለም። ሁለታችሁም አጥፍታችኋል።» እየተናገሩ በሄዱ ቁጥር ጉዳዩ ውስጥ ገቡበት፣ ጣታቸውን ማወዛወዝ ጀመሩ። «ግማሹን መንገድ እኛ መጥተናል፤ ግማሹን ደግሞ አንተ ና!» ካሉ በኋላ ራሳቸውም ደንግጠው ጣታቸውን ሰበሰቡ።

ሸምጋይ ወደ እትዬ ፌቨን ዞረ። «ወይዘሮ ፌቨን፣ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ቢጠይቁ የእርቁ ዕድል ይጨምራል። ቀላል፣ መካከለኛ ወይስ ከባድ?»

«ምን በድዬ ነው ድንጋይ የምሸከመው!» ብለው ጮኹ። ቀጥለው ጋሽ ናሆምን አዩ። «እሺ» አሉ ቀስ ብለው። «ከባዱን አምጡ።»

«ድንጋይ የዕለት ጉርስ ስላልሆነ ማዘዝ አልተቻለም» አለ ሸምጋይ።

እትዬ ፌቨን ወጡና ከግቢው ድንጋይ በትከሻቸው አድርገው ተመለሱ። ነጠላቸው አፈር ሆኗል። ሸምጋይ ድንጋዩን መረመረው፤ ያልተመዘገበ ድንጋይ ስለሆነ ሊቀበለው እንደማይችል በትሕትና ገለጸ። ሐጂ «አስተግፊሩላህ» ብለው ድንጋዩን ከትከሻቸው አወረዱላቸው።

ያን ጊዜ የማቆያው ሠራተኛ «ለምን ጣታቸውን አታስነካውም?» አለኝ በጆሮዬ፤ ሁላችንም ያሰብነውን ነው። አፍሬ ነበር፤ ግን አደረግኩት። የጋሽ ናሆምን እጅ አነሣሁና አውራ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፍኩ። በዚህ ጣት ስንት ጊዜ ሻይ ቅጠልና ሳሙና አብረን ገዝተናል።

ሸምጋይ አሰበበት። «አቶ ናሆም ቀዝቃዛ ምላሽ ሰጥተዋል። ሽምግልናው ያለ ስምምነት ተጠናቋል። ስለ አገልግሎታችን ምን ተሰማዎት?»

እትዬ ፌቨን ሳቁ። «ቀዝቃዛ!» እያሉ ሳቁ፣ ሳቁና ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞር ሶልያና ደግፋ አወጣቻቸው። ደንብ ልብሷን ለብሳ ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ ያ በደንቡ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ዓርብ ሁላችንም ኀዘን ቤቱ ተሰበሰብን። የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ሬሳ ማቆያው በር ላይ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል ተባለ። ሹፌሩ ጨዋ ሰው ነው፣ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት እጠብቃለሁ ብሎ ልኮልናል። ሐጂ አሁንም አልተቀመጡም፤ በሩ ላይ መቃኑን ተደግፈው ቆመዋል። ማንም ሐሳብ የሚያመጣ አልነበረም። ምሳ ሲደርስ ጎረቤት የላከው ሽሮ ቀረበ። እትዬ ፌቨን ሰሐኑን አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

ያን ጊዜ ሸምጋይ ግድግዳው ላይ በራ። «ወይዘሮ ፌቨን» አለ፣ «ባለቤትዎ ማክሰኞ ረፋድ እርስዎ ገበያ ሳሉ የላኩት ቃል አለ። ትኩስ ስለነበረ ሦስት ሌሊት እንዲያድር ተደርጓል። አሁን በርዷል።»

ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ቀጥ አለ። ሶልያና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ የጋሽ ናሆም ድምፅ፣ ያ ሲያኮርፉ የሚወፍረው ድምፃቸው፣ ከግድግዳው ወጣ።

«ያቺን ሴትዮ እንዲህ በላት። ብስክሌቱን ትቼዋለሁ። ጉልበቴን ፈርቼ አይደለም፣ እሷን ፈርቼ ነው። አሁን ደክሞኛል፣ ጋደም ልበል። ምሳ ሲደርስ ራሷ መጥታ ካልቀሰቀሰችኝ ግን አልነሣም። በአንተ በኩል ብትልክ አልሰማም በላት።»

ድምፁ አበቃ። ሸምጋይ፣ «ሁለቱም ወገኖች ቃል ተመላልሰዋል። እርቁ ጸድቋል። እንኳን ደስ አላችሁ» አለና እልልታ ለቀቀ። እርቅ ሲሆን እንዲያደርግ ነው የተሠራው። ኀዘን ቤቱን የሞላው እልልታ እስኪያልቅ አንድም ሰው ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

እትዬ ፌቨን አላለቀሱም። እጃቸውን ዘረጉ፣ እኔም ዘረጋሁ፤ ሁለት ጣት አንድ ላይ አሳረፍን። የመካነ መቃብሩ በር እንደተከፈተ የደብሩ አስተዳዳሪ ወዲያው ደወሉ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ናሆም ከሚልካ አጠገብ ገቡ። ሐጂ ሙባረክ መቃብሩ አፈር ከለበሰ በኋላ አንድ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ፤ ከሐሙስ ወዲህ ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ሶልያና በሣልስቱ ተመለሰች፤ ይህኛው ጉዳይ ቀላል ነው። ታርቀዋልና የሞት ማረጋገጫው ሁለት ጣት ብቻ ይፈልጋል። እኔ ጣቴን አሳረፍኩ። መስታወቱን ለእትዬ ፌቨን አቀረበችላቸው። ጣታቸውን አስጠግተው አቆሙት።

«ይህን ካጸደቅኩ በኋላ የእሱ ቁልፍ ምን ይሆናል?»

«ይዘጋል እማማ። መልእክት መቀበያቸውም አብሮ ይዘጋል።»

እጃቸውን ሰበሰቡ። ወደ ግድግዳው ዞሩና ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«ሸምጋይ፣ ያን ሰውዬ እንዲህ በለው። መጥቼ ነበር። በአንተ በኩል አልላክሁም፣ ራሴ ነኝ የመጣሁት። ትከሻውን ይዤ በስሙ ጠርቼዋለሁ። ያልተነሣው እሱ ነው በለው።»

«ቃሉ ትኩስ ነው» አለ ሸምጋይ። «ሦስት ሌሊት አድሮ ይደርሳል። አዲስ ኩርፊያ ተመዝግቧል።»

ሶልያና ደነገጠች። «እማማ፣ ኩርፊያ ካለ እኮ ማጽደቅ አይችሉም! ገንዘብዎም እንደገና ይታሰራል፣ ከዕለት ጉርስ በቀር…»

«አውቃለሁ፣ ከእሱ ኩርፊያ ጋር አርባ ዓመት ኖሬያለሁ» አሏት። «መልሴ ሳይደርሰው እንዴት አድርጌ ነው ሞተ የምለው?»

ይኸው ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ። የመጀመሪያው ቃል ሳይደርስ ሁለተኛውን ይልካሉ፣ እሱ ሳይበርድ ሦስተኛውን። አንዳንዱን መስኮታቸው ሥር ሳልፍ እሰማዋለሁ፤ የሚልካን ሣር ማን እንዳጨደው፣ የሐጂ ጉልበት እንዴት እንደሆነ። ሸምጋይ ሁሉንም እየተቀበለ ያሳድራል። ቢሮው «ሞቱን ያጽድቁ» የሚል ደብዳቤ ጽፎላቸው ነበር፣ ሶልያና ራሷ መጥታ መልሳ ወሰደችው።

እኔ በየጠዋቱ ፊቴን ሳልታጠብ የእሳቸውን ጥያቄ አያለሁ። የሰው ስኳር የከለከልኩ ሰው ነኝ። እትዬ ፌቨን ለሁለት ሰው የሚበቃ ሽሮ ሲያዝዙ ግን ምንም ሳልጠይቅ ጣቴን አሳርፋለሁ።